ከጎመኑ ሥር ያለው ቆርቆሮ

«ዶክተሩ ጉድጓዱ ደርቋል ብሎኛል። ለሦስተኛ ጊዜ ይሞከርላት ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። አንተ ግን ልብህን ብዙ አታንጠልጥል።»

እንዲህ ያለችው የባሏ ታላቅ እህት ናት፤ የነገረችውም ለወንድሟ፣ ደረጃው ላይ፣ በሩ ገርበብ እንዳለ። ጉድጓድ የተባለችው ሴትዮ ደግሞ እንግዳዋ የረሳችውን ጃንጥላ ልታቀብል ከበሩ ወዲህ ቆማለች። የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች። ጃንጥላውን በሩ ጀርባ ካለው ምስማር ላይ ሰቀለችና ኮቴዋን አጥፍታ ወደ ውስጥ ተመለሰች፤ ጆሮዋ ግን እዚያው በሩ ላይ ቀረ። ባሌ ምን ይል ይሆን? ባሏ ምንም አላለም። ደህና እደሪ ብሎ እህቱን ሸኘ፣ በሩን ቆለፈ፣ ጥርሱን አጠበ፣ ተኛ። «ዝም አይነቅዝም» ይላል ሰው። እሷ ግን እስኪነጋ ድረስ አንድ ነገር ጎኗ ውስጥ ሲሰረስር ይሰማት ነበር።

ሜትሬ ይሏታል። እናቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ ግን መጋረጃ ሰፊ ናትና ሜትር ከአንገቷ አይወርድም፤ ሽንኩርት ልትገዛ ስትወጣ እንኳ እንደ ሐብል አንጠልጥላው ነው። መጀመሪያ የሥራ ጓደኞቿ፣ ቀጥሎ ሰፈሩ፣ በመጨረሻ ባሏም ሜትሬ አላት፤ እሷም አቤት አለች። ከተጋቡ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ልጅ አልመጣም። እትዬ፣ የባሏ እህት ማለት ነው፣ ነርስ ሆና በምትሠራበት ክሊኒክ፣ እንቁላል ከሆዷ እየወጣ ብርጭቆ ውስጥ ከባሏ ዘር ጋር እየተገናኘ ሁለት ጊዜ ተሞክሯል። በመጀመሪያው ዘጠኝ እንቁላል ተገኘ፤ ፅንስ ሆኖ ተመለሰላትና አልያዘም። በሁለተኛው፣ ያን ሁሉ መርፌ ተወግታ፣ የተገኘው ሁለት ነው፤ ሁለቱም ለምንም ሳይሆኑ ቀሩ። ነገ ጠዋት ሦስተኛው ይጀመራል። መድኃኒቱን እትዬ ትናንት በቦርሳዋ ይዛ መጥታ ሰጥታታለች፤ ጃንጥላዋን የረሳችውም፣ ጉድጓዱ ደርቋል ያለችውም ያኔ ነው።

ጠዋት ሜትሬ ስትነሳ ልቧ ቆርጦ ነበር። ሌላ ክሊኒክ ከደወለች ሳምንታት አልፈዋል፤ ለዛሬ ቀጠሮ ሰጥተዋት፣ እትዬን ምን ብዬ ብላ ልትሰርዘው ነበር ያሰበችው። አሁን ግን ቀሚሷን ለበሰች፣ የምርመራ ውጤቶቿን በጨርቅ ናሙናዎች መሐል ሸጎጠችና ወደ ሳሎን ወጣች። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አንድ መኝታ፣ አንድ ሳሎን፣ ሰው ከገባ ፍሪጅ፣ ፍሪጅ ከገባ ሰው የማይገባበት ወጥ ቤት። ስለዚህ ፍሪጁ ሳሎን ቆሟል። አማቷ ደግሞ ዓይናቸውን ሊታከሙ ከመጡ ወዲህ፣ ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ ሳሎኑ ሶፋ ላይ ያድራሉ፤ ጠዋት ዓይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ የሚያዩት ፍሪጁን ነው። «እማዬ እንዳትሰማ» ያለው ባሏ ነው። እማዬ ከሰማች አገር ይሰማል፤ አገር ከሰማ ደግሞ ሜትሬ ደስ ብሏት ብትታይ ያዘላት፣ ከፍቷት ብትታይ ወረደባት ይባላል። ስለዚህ መድኃኒቱ ታችኛው መሳቢያ፣ ከጥቅል ጎመኑ ሥር፣ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይደበቃል። በሁለተኛው ሙከራ ጊዜ ሜትሬ ምሽት ምሽት ጎመን የምታወጣ መስላ ቆርቆሮውን ሹራቧ ሥር ትከተውና መኝታ ቤት ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ ሆዷን ራሷ ወግታ ትመልሰው ነበር።

አማቷ ሻይ አፍልተው ጠበቋት። «ጠጪ ልጄ» አሉ። ሻዩ እንደወትሮው ስኳር የለውም። ይህ ነገር ከጀመረ ስድስት ወሩ ነው። አማቷ ራሳቸው ስኳር በሽታ አለባቸው፤ የራሳቸውን እንደታዘዙ ይጠጡ። ለልጃቸው ግን ሁለት ማንኪያ ጨምረው እያማሰሉ የሷን ብቻ መራራውን ያቀርባሉ። መጀመሪያ የረሱ መስሏት ነበር። ኋላ ስስት ነው አለች። አሁን ግን ገብቷታል፤ ላልወለደች ሴት ስኳር ምን ያደርግላታል ማለታቸው ነው። ስኳር ስጡኝ ብትል የተሸነፈች ይመስላታል፤ ስለዚህ ግጥም አድርጋ ትጠጣና ወርክሾፕ ስትደርስ ሦስት ማንኪያ ያለው ሻይ ትገዛለች። እልኳ እንዲህ ነው። ዛሬም ግጥም አደረገችው።

«ዛሬ ሩቅ ሰፈር የምሰቅለው መጋረጃ አለ» አለች፣ ማንንም ሳታይ።

ባሏ ጫማውን እያሰረ ቀና አለ። ሊፍት ጠጋኝ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል፣ ቤት ሲገባ ግን ቃል ከሆዱ አይወጣም። «የነገውን አልረሳሽም አይደል?» አለ። እናቱ ፊት ከዚህ በላይ አይባልም። ያስተማረችው እትዬ ናት፣ ሥራ ያስገባችው እትዬ ናት፣ የሠርጉን ሱፍ የገዛችለትም እትዬ ናት፤ እትዬ ካለች ያለቀ ነው።

«እንዴት እረሳለሁ» አለችና ወጣች።

አዲሱ ክሊኒክ ያለበት ሕንፃ ስትደርስ ሊፍቱ በር ላይ የባሏን መሥሪያ ቤት ምልክት ተለጥፎ አየችው። ይህን ሊፍት ዛሬ ማን ይጠግነው ይሆን ብላ ለመጠየቅም አፍ የላት። ከገዛ ባሌ ጋር ሳጥን ውስጥ ከምገናኝ ብላ ስድስቱን ፎቅ በእግሯ ወጣችው። እያንዳንዱ ወለል ላይ ቆማ ቁልቁል ታዳምጣለች፤ መፍቻ ሲወድቅ በሰማች ቁጥር ልቧ አብሮ ይወድቃል። ደርሳ ወንበር ስታገኝ ላቧ በጆሮዋ ሥር ይወርድ ነበር። መጠበቂያ ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው። በእትዬ ክሊኒክ ግድግዳው ሁሉ የሕፃን ፎቶ ነው፤ ሴቶች ወዴት እንደሚያዩ ግራ ገብቷቸው የየራሳቸውን ጫማ ሲያዩ ይውላሉ። እዚህ ምንም አልተሰቀለም። መጋረጃው ብቻ ሁለት ጣት ያህል አጥሯል፤ ማን ነው የለካው አለች በሆዷ።

አጠገቧ የተቀመጠችው ሴትዮ ዳቦ ቤት አላት፤ ይህንንም ሳትጠየቅ ነው የተናገረችው። እጇ ላይ የምድጃ ጠባሳ አለ፣ አፏ ላይ ደግሞ መዝጊያ የለም።

«ስንተኛሽ ነው?»

«ሁለቴ ሞክሬ አልሆነም።»

«ሙከራውን አይደለም፣ ክሊኒኩን ነው።»

«ሁለተኛዬ ነው።»

«ገና ነሽ። እኔ አራተኛዬ ነው። ክሊኒክ የቀየርኩትን ያህል ባል ብቀይር ኖሮ ይኸኔ የልጅ ልጅ እያዘልኩ ነበር።»

ሜትሬ ሳቀች፤ ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ባለ ዳቦ ቤቷ ግን አልሳቀችም፤ ጠጋ አለቻት። «ልጠይቅሽ እስኪ። የመጣሽው አስበሽ ነው ወይስ ተናደሽ? እኔ ሁለቱን የተውኳቸው ተናድጄ ነው። የተናደደ ሰው የሚወጣበትን በር እንጂ የሚገባበትን አያይም።» ሜትሬ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ተጠራች። ጥያቄው ግን ተነስቶ ተከተላት።

ዶክተሯ ከእሷ በዕድሜ ታንሳለች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ውጤቶቹን ገለጥ ገለጥ አደረገች፣ ወደ መጀመሪያው ተመለሰች፣ እንደገና ገለጠች። ሜትሬ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሚመጣውን ቃል ትጠብቃለች። ደርቋል ካለችም ትበለው፤ ቢያንስ ፊት ለፊት ይሆናል።

«በአንድ ዓመት ውስጥ ከዘጠኝ ወደ ሁለት?» አለች ዶክተሯ። «ዕድሜ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል እንጂ ከሰገነት አይዘልም። መድኃኒቱን የት ነበር የምታስቀምጪው?»

«ፍሪጅ ነዋ።»

«በረዶ ይዞት ያውቃል?»

ሜትሬ ደሟ ፈላ። ሌላ ሰበብ ፈልገው ደግሞ ጥፋቱን እሷ ላይ ሊጥሉ ነው። «ኧረ በጭራሽ። በቆርቆሮ አድርጌ ከጎመን ሥር ነው የማስቀምጠው፤ ከኔ በቀር የሚነካው የለም።»

«ለምን በቆርቆሮ?»

«ሰው እንዳያየው።»

ዶክተሯ መነጽሯን ወደ ዓይኗ አወረደች። «መብራት ቢጠፋ ግድ የለም። የቤት ሙቀት ቶሎ አይጎዳውም። በረዶ ግን ይገድለዋል። ሲቀልጥ መልኩ አይለወጥም፤ ውሃ ይመስላል፣ ውሃም ይሆናል። አልነካውም ካልሽ ጥሩ፣ ሌላ ሌላውን እናያለን። ይሆናል ብዬ ቃል አልገባልሽም፤ ላይሆንም ይችላል። በዚህ ወር እንጀምር ካልሽ ግን ነገ ጠዋት ነይ፤ ያለሽ መድኃኒት እኛም የምንሰጠው ዓይነት ነው፣ ይዘሽው ነይ።»

ነገ ጠዋት። እትዬም የምትጠብቃት ነገ ጠዋት ነው። ሜትሬ ደረጃውን እየወረደች ሁለቱን ጠዋቶች በሁለት እጇ የያዘቻቸው ያህል ከበዷት። እዚህ የእትዬ ቅናሽ የለም፤ ዋጋው የስፌት መኪናዋን የሚያሸጥ ነው። እሱስ ይሁን። እትዬ ግን ይህን በልታ አትተኛም። ለምኜ አስገብቻት ጥላኝ ሄደች ብላ ትቆጣለች፤ ስትቆጣ ደግሞ ወንድሟ በመሐል ይቆማል፤ የት ወገን እንደሚያዘነብል ሜትሬ ትናንት በበሩ ክፍተት ሰምታለች። ካልሄደችስ? ካልሄደች ነገ ጠዋት እግሯን ዘርግታ የምትተኛው ጉድጓድሽ ደርቋል ባሏት ሰዎች እጅ ነው። አስቤ ነው ወይስ ተናድጄ? ዕድሜዋ አርባን ሊያንኳኳ ነው፤ ከዚህ በኋላ ብዙ ጠዋት እንደማይቆጠርላት ታውቀዋለች።

ወርክሾፕ ገብታ መቀሷን አነሳች። ለሆቴል የሚሆን ከባድ ጨርቅ ነው፣ ወይን ጠጅ ቀለም። ለካች፣ በሳሙና አሰመረች፣ ልትቆርጥ ስትል ስልኳ ጮኸ። እትዬ ናት።

«ነገ በባዶ ሆድ ነይ፣ እሺ? ደም ይቀዳሉ። ደግሞ ጃንጥላዬን እናንተ ጋ ትቼው ይሆን?»

«አለ። በሩ ጀርባ ሰቅዬዋለሁ።»

«በሩ ጀርባ? ሶፋው ላይ ነበር እኮ የተውኩት። መቼ አየሽው?»

«ትናንት። እንደወጣሽ ላቀብልሽ መጥቼ ነበር።»

ከወዲያ የሕሙማን ስም ሲጠራ፣ ተንቀሳቃሽ አልጋ ሲገፋ ይሰማል። እትዬ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ከሥራ ስወጣ መጥቼ እወስደዋለሁ» አለችና ዘጋችው። ሜትሬ መቀሱን መልሳ አነሳችና ቆረጠች፤ ቆርጣ ከጨረሰች በኋላ ነው ሜትሩን ገልብጣ ይዛው እንደነበር ያየችው። የሆቴሉ መጋረጃ ከጉልበት በታች ቀረ። ባለወርክሾፑ መጥተው ጨርቁን አዩ፣ እሷን አዩ። በዘጠኝ ዓመት አንዲት ጣት አሳስታ አታውቅም። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በተሻላት። «ሂጂና ረፍት አድርጊ። ዛሬ አንቺ እዚህ የለሽም» አሏት።

በዚህ ምክንያት ወትሮ ከምትገባበት ቀደም ብላ ቤቷ ደረሰች። ሰፈሩ መብራት የለውም፤ በእነሱ ወገን ቀን ቀን በተራ ይጠፋል። አራቱን ፎቅ ወጥታ በሩን ስትከፍት አማቷ ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው ነበር። ሲያዩዋት ደንገጥ ብለው ከወገባቸው ተነሱ፣ መልሰው ተቀመጡ።

«ዛሬ በጊዜ?»

«በጊዜ ነው እማማ።»

ነገ የትም ብትሄድ መድኃኒቱን ይዛ ነው የምትሄደው፤ ስለዚህ ቦርሳዋ ውስጥ ቦታ ልታዘጋጅለት ታችኛውን መሳቢያ ሳበች። ጎመኑ አለ። ጎመኑን አነሳች። ቆርቆሮው የለም። ካሮቱን ገለበጠች፣ መሳቢያውን እንዳለ አወጣችው፤ የለም። መጀመሪያ የመጣላት እትዬ ናት። መስማቴ ገብቷት ወስዳዋለች። ቀጥሎ ባሏን ጠረጠረች። ጀርባዋን ለአማቷ ሰጥታ ተንበርክካ፣ ባዶ መሳቢያ በእጇ ይዛ፣ የምታስበው ማንን መጀመሪያ እንደምትጮህበት ነበር።

«ከላይ ነው» አሉ አማቷ ከኋላዋ።

«ምኑ?»

«የምትፈልጊው።»

ሜትሬ ተነስታ የላይኛውን በር፣ የበረዶውን ክፍል ከፈተች። ቆርቆሮው ከሥጋው አጠገብ ቁጭ ብሏል፤ ክዳኑ ላይ የተሳለው አበባ በረዶ ለብሶ ነጥቷል። ስትስበው ተጣብቆ እምቢ አላት፤ በሁለት እጇ ነቀለችው። ክዳኑን በቀሚሷ ጫፍ ይዛ ከፈተች። እስክሪብቶ የሚመስሉት መርፌዎች ተደርድረዋል። አንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችውና ዘነበል አደረገችው። ውስጡ ያለው አልተንቀሳቀሰም።

«መብራት ሲጠፋ እንዳይበላሽብሽ ብዬ ነው» አሉ አማቷ። ድምፃቸው ውስጥ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ኩራት አለ። «በረዶው መብራት ባይኖርም ይቆያል። ጠዋት ስትወጡ አስገባዋለሁ፣ ከመምጣትሽ ቀደም ብዬ እመልሰዋለሁ። ዛሬ ቀደምሽኝ እንጂ።»

«ያን ጊዜስ እማማ? በፊት የነበረውንስ?»

«ያንንም። አንድ ቀን አላጓደልኩብሽም።»

ሜትሬ እዚያው ፍሪጁ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ዘጠኝ፣ ከዚያ ሁለት። ከሰገነት አይዘልም ያለችውን ዶክተር አሰበች። ኧረ በጭራሽ ብላ የመለሰችላትንም አሰበች። ልትጮህ ፈልጋ ነበር፤ የወጣው ግን የወትሮ ድምፅዋ ነው።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺስ መች ነገርሽኝ?» አሉ አማቷ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «የደበቅሽውን አየሁ ብል የምታፍሪ መሰለኝ። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽና፣ ቆርቆሮውን የከፈትኩት ብስኩት ነው ብዬ ነው። ተከልክዬ እያለሁ። ከፍቼ ብስኩት ሳጣ መርፌውን አየሁ፤ ወይ ልጄን፣ በዚህ ዕድሜዋ ስኳር ያዛት አልኩ። እኔም ሲጀምረኝ ደብቄ ነበርና ነገሩን ዐውቀዋለሁ። ሰው ራሱ እስኪናገር አይነካም። ምን ላድርግላት ብዬ ሻይሽ ላይ ስኳር ማድረጉን ተውኩ።»

ያ ሁሉ መራራ ሻይ። በእልኳ ግጥም ያደረገችው ያ ሁሉ ብርጭቆ። ሜትሬ ቆርቆሮውን ጭኗ ላይ አድርጋ ጣቶቿ እስኪደነዝዙ ያዘችው።

«ስኳር አይደለም እማማ። የልጅ ነው።»

«የማን ልጅ?»

«የኛ። ልጅ እንዲመጣ የሚወጋ መርፌ ነው። በረዶ ከያዘው ውሃ ነው።»

አማቷ ወዲያው አልገባቸውም። ከዚያ ቀስ እያለ ገባቸው፤ ሜትሬ ሲገባቸው አየችው፤ ፊታቸው ላይ አንድ አንድ ሆኖ ሲወርድ። ነጠላቸውን ሳብ አድርገው አፋቸውን ሸፈኑ። «እና ያን ጊዜ፣ እኔ ነኝ...» ብለው ቀሪውን ዋጡት። ሜትሬ አዎ አላለችም። አይደለም ብላም አልዋሸችም። ተነስታ አጠገባቸው ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ ዓመት ሊሞላው ነው፣ እዚያ ሶፋ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠው አያውቁም።

ባልና እህት አብረው ደረሱ፤ ደረጃው ላይ ተገናኝተው ነው። እሱ በሥራ ባትሪው ያበራል፣ እሷ ከኋላው እያለከለከች ትወጣለች። የቆርቆሮው ክዳን ክፍት ሆኖ ጠረጴዛው ላይ፣ መርፌዎቹ ከሥራቸው ውሃ ሠርተው ተደርድረው ሲያዩ ሁለቱም በሩ ላይ ቆሙ። ሜትሬ የሆነውን በአጭሩ ነገረቻቸው። ማንንም አላማረረችም። እትዬ አንዱን መርፌ አንስታ አገላብጣ አየችው፣ አስቀመጠችውና ረጅም ትንፋሽ አወጣች፤ እፎይታ ነበር።

«እንግዲያው ከኛ አይደለም» አለች። «ከሰውነትሽም አይደለም። ይኸው ተገኘ። ነገ ጠዋት ራሴ ለዶክተሩ እነግረዋለሁ፤ መድኃኒቱን ፈልጌ እተካልሻለሁ፤ አንድ ወር ነው የምትጠብቂው። ይኸው ነው፣ አለቀ።»

ባልየው ራሱን በመስማማት ነቀነቀ። አማቷም ቀና አሉ። ሁሉም ሜትሬን ያያሉ። ነገሩ እንዲህ ሊዘጋ፣ ሁሉም እንደነበረው ሊሆን፣ የሚቀረው የእሷ እሺታ ብቻ ነው። እሺ ብትል ማንም አይቀየም። ባለ ዳቦ ቤቷ የጠየቀቻት መጣባት፤ ንዴቱን ፈልጋ ውስጧን ዳበሰች፣ አጣችው። ያለው ሌላ ነገር ነው፤ ረጋ ያለ፣ እንደ ሜትር የተለካ።

«እትዬ፣ ዛሬ ሌላ ክሊኒክ ሄጄ ነበር» አለች። «ገና እንደተቀመጥኩ መድኃኒቱን የት ታስቀምጪያለሽ ተባልኩ። እናንተ ጋ ይህን ያህል ስመላለስ ይህን የጠየቀኝ የለም። ጉድጓዱ ደርቋል ያለው ሰውዬ ባልዲው ቀዳዳ እንዳለው አይቶ ነበር?»

እትዬ ጃንጥላው ወደተሰቀለበት በር ተመለከተች። «የሰማሽው ለክፋት አይደለም...»

«ለምንም ይሁን ሰምቻለሁ። አልቀየምኩሽም፤ የለመንሽልኝንም አልረሳም። ነገ ግን የምሄደው እዚያ ነው።»

«እኔን ምን ልትዪኝ ነው? ክሊኒኩ ውስጥ ምን ብዬ ልናገር? አንተስ ዝም ነው የምትለው?» እትዬ ወደ ወንድሟ ዞረች። ባትሪው እጁ ላይ እንደበራ ነበር። ሜትሬ አላየችውም። ትናንት በበሩ ክፍተት ጠብቃው ነበር፤ ዛሬ አትጠብቀውም።

«ደብቂው ያልኳት እኔ ነኝ» አለ። «ደብቂው ባልላት ይህ ሁሉ አይመጣም። እትዬ፣ ነገ አብሬያት እሄዳለሁ። እሷ ወደምትለው።»

እትዬ ጃንጥላዋን ከምስማሩ አወረደች፣ ብብቷ ሥር ሸጎጠችው፣ ወጣች። ደህና እደሩ አላለችም። ኮቴዋ አንድ ፎቅ ወረደ፣ ከዚያ ቆመ።

«በባዶ ሆድ ትሂድ!» የሚል ድምፅ ከታች መጣ። «እዚያም ደም መቅዳታቸው አይቀርም።» ከዚያ ኮቴው ቀጠለ።

አማቷ ተነስተው ወጥ ቤት ገቡና በጋዝ ምድጃው ሻይ አፈሉ። ለሜትሬ አቀረቡላት፣ ምንም ሳይናገሩ የስኳሩን ዕቃ ከነማንኪያው አጠገቡ አስቀመጡ። ከዚያ ፍሪጁን በዓይናቸው ከላይ እስከ ታች ለኩት።

«አዲሱ ሲመጣ የት ነው የሚቀመጠው?»

«መሐል መደርደሪያው ላይ። ያለ ቆርቆሮ፣ በግልጽ።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«አይነካም እማማ። በሩም አይከፈትም። ዝም ተብሎ ይተዋል።»

«ዝም ማለቱንስ እናውቅበታለን» አሉ አሮጊቷ። ይህን ብለው ከወጥ ቤት በርጩማ እየጎተቱ አመጡና ፍሪጁ ፊት አኖሩት፤ ጀርባቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ተቀመጡ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ልጃቸው ውሃ ሊቀዳ መጣ።

«ተመለስ። መብራት የለም።»

«እማዬ፣ መድኃኒቱ እኮ የለበትም።»

«ዐውቃለሁ» አሉት፣ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ። «አዲሱ እስኪመጣ ልልመደው ብዬ ነው።»